ቃልን ከነባለቤቱ ስለ መጻፍ

በዛሬው ዘመን ልጁን ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የላከ ቤተ ሰብ ብዙ ነው። ልጁም በመጨረሻው ዓመት ለዕረፍት ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ጭንቀት በየቤቱ አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሉት ነው። ወላጆችም ለወረቀቱና ለማተሚያው ገንዘብ ከመስጠት በቀር በዚህ ሥራ የሚረዱበት መንገድ ያለ አይመስላቸውም። እኔ ግን የዕድሜዬን እኩሌታ በፍርድ ቤት መዝገብ ስጽፍ የኖርሁ ሰው ስለ ሆንሁ፥ ከዚህ ሥራ አንዱ ክፍል፥ ምናልባትም ዋናው ክፍል፥ አባትና እናት፥ አጎትና አክስት ሊረዱበት የሚችሉት ሁኖ አገኘሁት። እርሱም «ይህን ከማን አገኘኸው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

የእኅቴ ልጅ በሌላ አገር የታሪክ ትምህርት ስትማር ቆይታ፥ ለመመረቂያዋ የመረጠችው በገዛ አገራችን የሚነገርላቸውን ሁለቱን የጥንት አብያተ ክርስቲያናት፥ ተድባበ ማርያምንና አትሮንሰ ማርያምን ነው። በመካነ ሰላም ከተማና በዙሪያዋ ባለው ደጋ፥ በቦረናም ሆነ በሳይንት ያደገ ሰው እነዚህን ስሞች ገና በልጅነቱ በእሳት ዳር የሰማቸው ናቸው። በእንግሊዝኛ የምታቀርበውን ጽሑፍ አስቀድማ በአማርኛ አዘጋጅታ፥ አርባ ገጽ ያህል ይዛ መጣችና «ጋሼ፥ እስቲ አማርኛውን ይዩልኝ» አለችኝ።

አማርኛውስ ደኅና ነበር። ነገር ግን በየገጹ «አባቶች እንደሚሉት»፥ «እንደሚታወቀው»፥ «ታሪክ እንደሚያስረዳው» የሚል ሞልቶበታል። እኔ ታሪክ የሚባል ምስክር ቀርቦ፥ ስሙንና ዕድሜውን አስመዝግቦ፥ ምሎ ቃሉን የሰጠበትን ችሎት አላውቅም። «እንደሚታወቀው» የሚለውም ቃል በእኛ ሥራ ማስረጃ ያጣ ጠበቃ የሚደገፍበት ምርኩዝ ነው። አባቶችስ የትኞቹ አባቶች ናቸው? አንዱ አባት ከሌላው አባት ጋራ የማይስማማበት ነገር ስንት ነው!

በፍርድ ቤት ምስክር ሲቀርብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈለገው ያየውን ወይስ የሰማውን እንደሚናገር መለየት ነው፤ ሰምቶም እንደ ሆነ ከማን፥ የትና መቼ እንደ ሰማ ይጠየቃል። ዳኛም ቢሆን «ሕግ እንዲህ ይላል» ብሎ ብቻ አይፈርድም። የአዋጁን ቁጥር፥ ዓመቱንና አንቀጹን ይጠራል፤ የተጠራጠረም ሰው ከ1934 ዓ.ም. ዠምሮ በወጣው በነጋሪት ጋዜጣ፥ ከ1987 ዓ.ም. ወዲህም በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ገልጦ ያየዋል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች እንዲያስገድድ በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ከተደነገገ ወዲህ፥ ይህም በኋላ በወጣው በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 ጸንቶአል፥ ፍርዱ የሚጠቀሰው በመዝገብ ቁጥሩና በታተመበት ቅጽ ነው። አንዲት አኃዝ ብትሳሳት የመሬት ክርክር ፈልጎ የሄደ ሰው በፍቺ መዝገብ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ቁጥርና ገጽ መጻፍ የጌጥ ነገር አይደለም፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ሰው በእግሩ ተጉዞ እዚያው ምንጩ ድረስ እንዲደርስ የሚተከል የመንገድ ምልክት ነው እንጂ።

ልጅቱም ይህን ሁሉ ሰምታ «ይህስ የፈረንጅ ደንብ ነው፤ እኛ ላይ የተጫነ ነው» አለችኝ። ይህን ቃል ከብዙ ተማሪዎች አፍ ሰምቼዋለሁ። የሚሲዮን ትምህርት ቤት መምህራኖቼ በደብተራችን ኅዳግ ላይ የመጽሐፉን ስምና ገጹን እንድንጽፍ ያዙን እንደ ነበረ እውነት ነው። ነገር ግን ከዚያ አስቀድሞ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለሁ፥ የመጻሕፍት መምህር አንዱን ንባብ ሲተረጉም ከሌላ መጽሐፍ ጥቅስ ባመጣ ቁጥር «እንዲል ዳዊት»፥ «እንዲል ጳውሎስ» ሳይል አያልፍም ነበር። ትርጓሜው ሲለያይም «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን ያመጣል፤ የላይ ቤት እንዲህ አለ፥ የታች ቤት እንዲህ አለ ብሎ ለየባለቤቱ ይሰጣል እንጂ ሁለቱን አዋሕዶ የራሱ አያደርገውም። የቅኔ ተማሪም ዋድላ ይሁን ዋሸራ ወይም ጎንጅ፥ የማን ቤት እንደ ሆነና ከማን እንደ ተማረ ሳይጠየቅ የሚያድርበት ጉባኤ የለም።

የሕግ ሰው ለሆነው ለእኔ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ ፍትሐ ነገሥት ነው። ይህ መጽሐፍ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ አገር አስ ሳፊ ኢብን አል ዓሣል በዐረብኛ ያጠናቀረው ሲሆን፥ በአባቶች ትውፊት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1426–1460 ዓ.ም.) ጴጥሮስ አብደ ሰይድ ወደ ግዕዝ እንደ መለሰው ይነገራል። አምሳ አንድ አንቀጽ አለው፤ ሃያ ሁለቱ መንፈሳዊ፥ ሃያ ዘጠኙ ሥጋዊ ነው። ገልጦ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፥ በየቃሉ ላይ ከየት እንደ መጣ የሚያመለክት አጭር የፊደል ምልክትና ቁጥር ተጽፎበታል፤ ከኒቅያ ጉባኤ የመጣውን፥ ከዲድስቅልያ የመጣውን፥ ከቅዱስ ባስልዮስ ቀኖና የመጣውን አንባቢው ይለየዋል፤ የምልክቶቹም ትርጉም በመጽሐፉ መግቢያ ተዘርዝሮአል። እንግዲህ ዛሬ ተማሪዎቻችን ከውጭ መጣ የሚሉት አሕጽሮተ ቃልና ቁጥር የመጻፍ ሥርዓት የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ከመውጣቱ በፊት በመቶ በሚቈጠር ዓመት በዳኞቻችን ፊት ተዘርግቶ ነበር ማለት ነው።

አገራችን ወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ መንደር፥ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤተ ዘመድ የሚኖርበት ስለ ሆነ፥ የጎረቤቶቻችንንም ሥርዓት መመልከት ይገባል። በሐዲስ ትምህርት ቃሉ ብቻ አይበቃም፤ እገሌ ከእገሌ፥ እርሱም ከእገሌ ሰምቶ እየተባለ እስከ መዠመሪያው ሰሚ ድረስ ሰንሰለቱ ይቈጠራል፤ ኢስናድ የሚሉትም ይህነን ነው። ከሰንሰለቱ አንዱ ቀለበት የማይታመን ሰው ሁኖ ቢገኝ ቃሉ ምንም ያማረ ቢሆን ይደክማል። በአንጻሩ ደግሞ በሼህ ሑሴን ጅብሪል ስም በወሎ የሚነገረውን ግጥም እንይ። የእርሳቸው የሆነውና ሌላው ሰው ነገሩ ከተፈጸመ በኋላ በስማቸው የጨመረው ተቀላቅሎ፥ ለይቶ ለማወቅ እጅግ የሚያስቸግር ሁኖአል። ሰንሰለት ያልተያዘለት ቃል ዕጣው ይህ ነው።

ልጅቱም ነገሩ የአባቶቿ ርስት መሆኑን ስትሰማ ልቧ ረጋና ጽሑፏን እንደገና አብረን መመርመር ዠመርን።

ስለ ተድባበ ማርያም «ከክርስቶስ ልደት በፊት ተመሥርታ በዐፄ ገላውዴዎስ የታነጸች» ብላ በአንድ አረፍተ ነገር ጽፋ ነበር። እኔም የትኛውን ማን አለ? ብዬ ጠየቅኋት። ብንፈትሸው ነገሩ ሁለት ሆነ። ቦታው በብሉይ ኪዳን ዘመን መሥዋዕተ ኦሪት ከሚሠዋባቸው አንዱ እንደ ነበረ የሚናገረው የደብሩ ትውፊት ነው። ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ገላውዴዎስ ቤተ ክርስቲያኑን እንዳነጹ የሚናገረው ግን የንጉሡ ዜና መዋዕል ነው፤ እርሱም ንጉሡ ካረፉ በኋላ ብዙ ሳይቈይ በግዕዝ የተጻፈ፥ ጸሐፊው ስሙን ያልገለጠበት፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1895 ኮንዘልማን የተባለ ሊቅ ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋራ በፓሪስ ያሳተመው ነው። «ታዲያ ጥንት የነበረውን ንጉሡ ቢያድሱትስ?» አለችኝ። ይሆናል። ነገር ግን ይህ ሦስተኛ አሳብ ነው፤ ትውፊቱም ዜና መዋዕሉም አላሉትም፤ ባለቤቷ አንቺ ነሽና «እኔ እንደሚመስለኝ» ብለሽ በራስሽ ስም አቁሚው አልኋት። ሦስቱን በየስማቸው ለይታ ስትጽፋቸው አንዱ መስመር ግማሽ ገጽ ሆነ፤ አንባቢውም ስለ ምን እንደሚከራከሩ ለመዠመሪያ ጊዜ የሚያውቅ ሆነ።

በአትሮንሰ ማርያም የገጠማት ችግር ሌላ ነው። ይህችን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ከ1460 እስከ 1471 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ በእደ ማርያም ናቸው፤ በ1524 ዓ.ም. ደግሞ የኢማም አሕመድ ሠራዊት አቃጥሎአታል። የጥፋቱን ነገር አስፍቶ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ የተባለው የኢማሙ ወገን የሆነ ሰው ነው፤ መጽሐፉም ፉቱሕ አል ሐበሻ ይባላል። «ጋሼ፥ የጠላትን ቃል ምስክር ላድርገው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ደስ አሰኘኝ። በችሎት ባላጋራ በራሱ አፍ ያመነው ነገር ከወዳጅ ምስክርነት ይልቅ የሚጠነክርበት ጊዜ አለ። አቃጠልን ብሎ ከጻፈ፥ መቃጠሏንና ከመቃጠሏም በፊት የታወቀች ደብር እንደ ነበረች ከእርሱ አፍ መቀበል ይቻላል። ስለ ወርቁና ስለ ምርኮው ብዛት የሚለውን ግን፥ የዘመተ ሰው ሁሉ ምርኮውን ማብዛት ልማዱ ስለ ሆነ፥ በጥንቃቄ እንድታየው ነገርኋት። ምንጩን በስሙ ካልጻፈች ግን አንባቢው ይህን ሁሉ ሊመዝን አይችልም፤ የወዳጅ ይሁን የባላጋራ ከምን ያውቃል?

መጽሐፍ ራሱ የመጣበትን መንገድ ተሸክሞ ሲዞር የታየበት ነገር በዚሁ በወሎአችን አለ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትያዝ ዐፄ ቴዎድሮስ የሰበሰቡትን መጻሕፍት የእንግሊዝ ጦር በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ወሰደ፤ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም የገባው 350 ያህል ነው። ከእነርሱም ውስጥ ሁለት ክብረ ነገሥት ነበሩ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ጽፈው ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው በጠየቁ ጊዜ የሙዚየሙ አስተዳዳሪዎች አንዱን መለሱ፤ ሲመልሱም በማን ትእዛዝና በየትኛው ቀን ወደ ኢትዮጵያ ንጉሥ እንደ ተላከ በመጽሐፉ ላይ ጻፉበት። ከብዙ ዓመት በኋላ፥ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ ለ ሩ የተባለ ፈረንሳዊ መጽሐፉን ባየ ጊዜ ይህችን ጽሑፍ አንብቦ ከየት መጥቶ የት እንደ ነበረ ዐወቀ። የቀሩትንም ራይት የተባለ ሊቅ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1877 ባሳተመው ዝርዝር እያንዳንዱን በቁጥር ስለ መዘገበ፥ ዛሬ የቦረና ልጅ በመካነ ሰላም ተቀምጦ ቁጥሩን ቢጠራ ሎንዶን ያለው ሰው የትኛውን መጽሐፍ እንደሚፈልግ ይገባዋል። በገዛ አገራችንም ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት ዝርዝር በ1920 ዓ.ም. አሳትመዋል። መጻሕፍቱ ወደ አገራቸው ይመለሱ የሚለው ክርክር ገና አላለቀም፤ ክርክሩ የሚቆመውም በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ነው።

አሁን ወደ ጥቃቅኑ ነገር ልለፍ፤ ጥቃቅን ነው ብዬ ብናገርም ተማሪን የሚያዋርደው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ፈረንጆች በመጽሐፍ ዝርዝር ውስጥ የቤተ ሰብን ስም ያስቀድማሉ። የእኛ ሁለተኛ ስም ግን የአባት ስም እንጂ የቤተ ሰብ ስም አይደለም። ተክለ ጻድቅ መኩሪያን «መኩሪያ» ብሎ የመዘገበ ተማሪ መጽሐፉን ለደራሲው አባት መስጠቱ ነው። ስለ ኢትዮጵያ የሚጽፉ ጠንቃቃ ሊቃውንት፥ ባዕዳኑም ጭምር፥ ኢትዮጵያዊውን በራሱ ስም ዠምረው ይጽፉታል፤ ልጆቻችንም በዚህ ሊያፍሩ አይገባም። ሁለተኛው የዘመን ቈጠራ ነው። የአለቃ ታዬ ገብረ ማርያም «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» በ1914 ዓ.ም. አስመራ ታተመ። «ዓ.ም.» የሚለውን የዘነጋ ተማሪ 1914 ብሎ ብቻ በእንግሊዝኛ ቢጽፈው አንባቢው በልጅ ኢያሱ ጊዜ የታተመ አድርጎ ያስበዋል፤ መጽሐፉ ግን በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፥ በአውሮፓ 1922 የወጣ ነው። ስምንት ዓመት በመካከሉ ጠፋ።

ምንጮችን ስለ መያዝም የእኅቴ ልጅ በየወረቀቱ ቁራጭ፥ በእጇ መዳፍም ሳይቀር፥ ትጽፍ ስለ ነበረ ልክ እንደ መዝገብ ቤታችን አንድ ምንጭ በአንድ ካርድ እንድትይዝ አደረግኋት፤ ከላይ ደራሲ፥ አርእስት፥ ቦታና ዓመት፤ ከታች ቃሉና ገጹ፤ ቃል በቃል የገለበጠችውን በትእምርተ ጥቅስ፥ በራሷ አነጋገር የመለሰችውን ያለ እርሱ። ይህን ያላደረገ ሰው ከሦስት ወር በኋላ የራሱንና የሰውን ቃል መለየት ያቅተዋል፤ ሳያስበውም ሌባ ይባላል። እርስዋም ሳምንት ሳይሞላ ካርዶቹን ሁሉ ዞቴሮ ወደሚባል የኮምፒዩተር መሣሪያ አገባቻቸው። ይህ መሣሪያ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2006 በአሜሪካ በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ፥ ያለ ዋጋ የሚሰጥ ነው፤ ዝርዝሩን በፊደል ተራ ራሱ ይደረድራል። የእኛን ስም ለሁለት ከፍሎ እንዳይገለብጠው ግን ስሙን በአንድ ሣጥን እንዲይዝ ማዘዝ ያስፈልጋል። መሣሪያ የታዘዘውን ነው የሚሠራው።

ያልታዘዘውንም የሚሠራ መሣሪያ መጥቶአል። በዝርዝሯ ውስጥ ስለ ሳይንት አብያተ ክርስቲያናት የተጻፈ አንድ መጽሐፍ አየሁ፤ የደራሲው ስም ያምራል፥ አርእስቱ ያምራል፥ ዓመቱና የታተመበት ከተማ ሁሉ ተጽፎአል። በየቤተ መጻሕፍቱ ብናስፈልግ፥ የሚያውቁትን ብንጠይቅ፥ እንዲህ ያለ መጽሐፍ በምድር ላይ የለም። ለካ በስልኳ ያለው ጥያቄ የሚመልስ መሣሪያ ፈጥሮ የሰጣት ነው። ይህ በእርስዋ ብቻ የደረሰ አይደለም። በኒው ዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት፥ አቪያንካ በተባለው የአየር መንገድ ላይ በቀረበ ክስ፥ ጠበቆች ቻት ጂፒቲ የሰጣቸውን ስድስት ያህል ያልነበሩ ፍርዶች ጠቅሰው ተገኙና ዳኛው በሰኔ ወር 2015 ዓ.ም. አምስት ሺህ ዶላር ቀጡአቸው። ፍርዶቹ የመዝገብ ቁጥር ሳይቀር ነበራቸው። እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ ከገንዘቡ ይልቅ ያስጨነቀኝ የባላጋራው ጠበቃ መዝገቡን ባይፈልገውስ ኖሮ የሚለው ነው። ስለዚህ ለልጅቱ አንድ ደንብ አወጣሁላት፤ በዓይንሽ ያላየሽውን መጽሐፍ፥ ሌላ ሰው የጠቀሰውም ቢሆን፥ እንዳየሽው አድርገሽ አትጻፊ፤ «እገሌ በእገሌ ውስጥ እንደ ጠቀሰው» በይ። እርስዋም የሌለውን መጽሐፍ ከዝርዝሯ ፋቀችው፤ በእርሱ ላይ ያቆመችው ሁለት ገጽ አብሮ ፈረሰ፤ አለቀሰችም።

በፈረሰው ፈንታ የምታቆመውን ፍለጋ ወደ አንድ አረጋዊ መሪጌታ ዘንድ ሄደች። አስቀድማም ከእርሳቸው ብዙ ሰምታ ነበር፤ በጽሑፏ ግን «አባቶች» ብላ አልፋቸዋለች። «የኔታ፥ የነገሩኝን በስምዎ ልጽፈው እወዳለሁ፤ ይፈቅዱልኛል?» ብትላቸው ጥቂት ዝም ብለው፥ «የእኔ ስም ምን ያደርግልሻል? እኔ የተናገርሁት የመምህሬን ነው፤ የእርሳቸውን ስም ጻፊ። እርሳቸው ካረፉ ወዲህ ስማቸውን የሚጠራ ከእኔ በቀር አልቀረም፤ ልጅም አልነበራቸው» አሏት። ሌሊቱን በስልክ ጠራችኝ። እኔም ያገኘሽው ምስክር መሪጌታው ናቸው፤ ምስክሩ የሰሙት ከመምህራቸው ነው፤ ሁለቱንም በተራ ጻፊ አልኋት። መሪጌታውም የመምህራቸው ስም ከፊት ከሆነ ተስማሙ።

ነገር ግን ትምህርት ቤቷ የሚሰጠው የቃለ መጠይቅ መዘርዝር ለአንድ ተናጋሪ አንድ መስመር ብቻ ያለው ነው። ጽሑፉን የሚመረምሩትም መምህር «ያላነጋገርሽውን ሰው ከዚህ አውጪ» ብለው በቀይ ሠረዙበት። በደንቡ በኩል ትክክል ናቸው፤ ከሞተ ሰው ጋራ ቃለ መጠይቅ አልተደረገም። ስለዚህ በመዘርዝሩ ላይ መሪጌታውን ብቻ፥ ከቀኑና ከቦታው ጋራ፥ አስቀመጠች፤ በጽሑፉ ሆድ ግን፥ ሣጥንም መስመርም በማይገዛው ቦታ፥ መምህሩ ለመሪጌታው፥ መሪጌታውም ለእርስዋ እንደ ነገሩአት ሙሉ ስማቸውን ጠርታ ጻፈች። መርማሪው ይህን አነበቡና ምንም አልሠረዙበትም።

ጽሑፉ ታስሮ ባለፈው ሳምንት ገብቶአል። የኔታ አንድ ግልባጭ እንዲደርሳቸው ጠይቀዋል፤ ዓይናቸው ስለ ደከመ ፊደሉ ጎላ ብሎ ያ ገጽ ለብቻው እንዲታተም አድርገናል፤ ለቅዳሜ ገበያ የሚወጣ የሰፈራቸው ሰው ይወስድላቸዋል።